ባለሪባኖቹ ዳክዬዎች

ከባለቤቴ ጋር በመጨረሻ የሠራነው ተራ ነገር ኩዊልት የሚሉትን ድርብርብ አልጋ ልብስ በመርፌ ቁልፍ መሰካት ነው። የ2020 ኖቬምበር፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነበር። ኖርዝ ላስ ቬጋስ ያለው ቤታችን ሳሎኑ ጠባብ ስለሆነ ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተን፣ ጠረጴዛውን ኩሽና አስገብተን፣ ሦስቱን ንብርብር መሬት ላይ ዘረጋን። ከታች ገበሩ፣ መሀል ስስ ጥጥ፣ ከላይ እኔ ከቁርጥራጭ ጨርቅ የገጣጠምኩት ፊት። ሦስቱ አንድ ላይ በስፌት መኪና እስኪሰፉ ድረስ እንዳይንሸራተቱ በመርፌ ቁልፍ ይያዛሉ። እኔ ጉልበቴን ስለሚያመኝ መሰካቱ የእሱ ሥራ ሆኖ ነበር።

ሃያ ዓመት ካዚኖ ውስጥ ብላክጃክ የሚሉትን የካርታ ጨዋታ ሲያጫውት የኖረ ዲለር ነበር። በማርች ካዚኖዎቹ በኮሮና ሲዘጉ ቤት ዋለ፤ ሲከፈቱ ደግሞ እሱን አልጠሩትም። እጁ ሥራ መፍታት አልለመደም። የኩዊልት ማኅበራችን ለሆስፒታሎች የፊት ጭምብል ሲሰፋ ላስቲኩን እየለካ ይቆርጥልኝ ነበር፤ ኋላ መርፌ ቁልፍ አስያዝኩት። የማኅበሩ ደንብ ቀላል ነው። መዳፍህን ታስቀምጣለህ፣ ከመዳፍህ ጎን አንድ መርፌ ቁልፍ ትሰካለህ፣ እንደገና መዳፍ፣ እንደገና መርፌ ቁልፍ፣ በቀጥታ ረድፍ። እሱ በረድፍ አልሰካም። ተንበርክኮ ክንዱ እስከደረሰበት ከግራ ወደ ቀኝ በግማሽ ክብ ይሰካና፣ ትንሽ ወደፊት ድኾ ሌላ ግማሽ ክብ ይጀምራል። በእያንዳንዱ ግማሽ ክብ ሰባት ሰባት። የብላክጃክ ጠረጴዛ ግማሽ ክብ ነው፤ ሰባት ተጫዋች ነው የሚያስቀምጠው።

«በረድፍ አላልኩህም?» አልኩት።

«ሰባቱም ቦታ ቦታቸውን ይዘዋል። አሁን ማንን ላስነሳ?»

ከዚያ ቀና ብሎ ጨርቁን ገና ያየው ይመስል አየው። ሰናፍጭ በሚመስል ቢጫ ላይ፣ አንገታቸው ላይ ሰማያዊ ሪባን የታሰረላቸው ዳክዬዎች ተሰልፈዋል።

«እሜቴ፣ ይሄን ማን ነው የሚለብሰው?»

ለማን እንደሆነ ነገርኩት። መንግሥት ከወላጆቻቸው ወስዶ በሰው ቤት ለሚያኖራቸው ልጆች ነው፤ ልብሳቸውን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ ይዘው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ለሚዞሩት።

«አንቺ ትለብሺዋለሽ?»

«እኔማ ምን ጎድሎኝ። ለሌለው ይበቃል።»

ሳቀ። ማኅበራችን በየወሩ ስለሚሰበሰብ «ጽዋ ማኅበር» ነበር የሚለው። «የእናንተስ ጽዋ ማኅበር ለነዳያን የሻገተ ዳቦ የሚያድል ነው በይኛ» አለና ወደ መርፌ ቁልፉ ተመለሰ። በአሥረኛው ቀን ሆስፒታል ገባ። እኔ እንድገባ አልተፈቀደልኝም። ከገና በፊት ሞተ።

ስለ ጨርቁ መናገር አለብኝ። ማኅበራችን ዘመናዊ ኩዊልት የሚሰፉ ሴቶች ማኅበር ነው። ነጩና ግራጫው የበዛ፣ መስመሩ ቀጥ ያለ፣ ባዶ ቦታ የማይፈራ ሥራ ነው የምንወደው። ዳክዬና ጽጌረዳ የአያቶች ነው ተብሎ ይናቃል። ግሪን ቫሊ ትኖር የነበረች አንዲት አዛውንት ስትሞት ልጆቿ ጋራዥ ሙሉ ጨርቅ ሰጡን። ጭምብላችንን አድርገን፣ ተራርቀን ቆመን፣ በየተራ እየገባን ጥሩ ጥሩውን መረጥን። እኔም አንድ ጥቅል ነጭ ጥጥና አንድ ጥቅል ግራጫ ሊነን ይዤ ወጣሁ። ማንም ያልፈለገው በካርቶን ተጠቅጥቆ «ለበጎ አድራጎት» ተብሎ ተጻፈበት። ዳክዬዎቹን ያገኘሁት እዚያ ነው። ካርቶኑን ስከፍት የሲጋራና የድመት ሽንት ሽታ ወጣ፤ ፊቴን አዞርኩ። አጥቤ፣ ቆርጬ ሰፋሁት። አይሆንም ያለኝ ሰው አልነበረም፣ በሳቅ ካለኝ ከባለቤቴ በቀር።

ለቅሶዬን በረንዳ ላይ ተቀመጥኩ። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች መኪናቸውን መንገድ ዳር ፓርክ እያደረጉ፣ ከርቀት ቆመው እያለቀሱ፣ የጾም ምግብ ደጃፍ ላይ አኑረው ይሄዱ ነበር። ከኩዊልት ማኅበሩ በደብል ቺዝ የተጋገረ ዶሮ መጣ። በጾመ ነቢያት። ሽታው ቤቱን ሳይሞላው አውጥቼ ጣልኩት፤ ሳህኑን አጥቤ መለስኩ፤ የምስጋና ካርድም ጻፍኩ። በሚቀጥለው የዙም ስብሰባ ለባለቤቴ የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ተደረገ። አንዷ ድምፅዋን መዝጋት ረስታ ድንች ጥብስ ስታደቅ ይሰማ ነበር። ያን ደቂቃ እስከ መጨረሻው የሰማሁት ማኘክ ነው።

ኩዊልቱ ተጠቅልሎ ከሶፋው ኋላ ቆሞ ነበር። ጠዋት ጠዋት አንዱን ጫፍ ገልጬ እጄን በመርፌ ቁልፎቹ ላይ አሳልፋለሁ፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ሰባት። ብረቱ ይቀዘቅዛል። ሌላ ምንም አላደርግም ነበር። እጁ እንደተወው ሳይነካ የቀረኝ ያ ብቻ ነው። ልብሱን ከአርባው በኋላ ሰጥቻለሁ፤ ጫማውን ወንድሙ ወስዶታል።

እሱ እንደሰካው ለማንም አልተናገርኩም፤ ጉልበቴን ስለሚያውቁ ከማኅበሩ አንዷ የሰካችልኝ ይመስላቸው ነበር። በሕይወት ሳለ «ጓደኞቼ ዲለሩ ልብስ ሰፊ ሆነ ብለው ይጫወቱብኛል፤ በእመብርሃን ዝም በይ» ብሎኝ ነበር። ዝም አልኩ። ከሞተ በኋላም ዝም ማለቱን ቀጠልኩ።

በፌብሩዋሪ የበጎ አድራጎቱን ሥራ የምታስተባብረው ሴት ደወለች። ጡረታ የወጣች ነርስ ናት፤ ሎን ማውንቴን አካባቢ ትኖራለች። ደግ ሴት ናት፤ ይህን መጻፍ ያለብኝ ስለሆነ ነው የምጽፈው። «አንቺ ዕረፊ፤ ኩዊልቱን ስጪኝና እኔ ልጨርስልሽ» አለችኝ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። ግን ሰው ላግዝሽ ሲል እምቢ ማለት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ይሉኝታዬ ከሐዘኔ ቀደመና «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አልኳት። ኩዊልቱን በጥቁር የቆሻሻ ላስቲክ አድርጌ በረንዳው ላይ አኖርኩ። በመስኮት ሆኜ አየኋት። ጭምብል፣ ጓንት። ከመንካቷ በፊት ከኪሷ የፀረ ተሕዋስያን መርጫ ቆርቆሮ አውጥታ ላስቲኩ ላይ፣ ዙሪያውን፣ ከሥሩም መድኃኒት ነፋችበት። በረሮ የሚገደለው እንደዚያ ነው። ከዚያ ወደ መስኮቱ እጇን አውለበለበች። እኔም አውለበለብኩ።

በማርች ስብሰባ እያንዳንዱ ሰው የሠራውን በካሜራ ፊት ያሳያል። እሷ ዳክዬዎቹን ከፍ አድርጋ ያዘች። ተሰፍቶ አልቋል፤ ጠርዙም ታጥፏል።

«ይህን ማን እንደሰካው አላውቅም» አለች እየሳቀች። «በስካር ነው እንዴ የተሰካው? መርፌ ቁልፉ ሁሉ ይዞራል። ሁሉንም ነቅዬ እንደገና በረድፍ ሰካሁት። ዳክዬዎቹን ደግሞ ተመልከቱልኝ። ለልጆቹ ግን ምንም አይል።»

በየሳጥናቸው ሳቁ። የራሴን ፊት በራሴ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አየሁት፤ እሱም ፈገግ ብሏል። በሕይወቴ እንደዚያ ፊት ያስጠላኝ ነገር የለም።

«ባለቤቴ ነው የሰካው» አልኩ።

አንዷ ጣቷን ወደ ጆሮዋ ጠቆመች። «ሚዩት ላይ ነሽ፣ የኔ ውድ።»

ድምፄን ከፈትኩና ሁለተኛ ጊዜ ተናገርኩት። ከዚያ ከአንዱ ሳጥን ቀይ የልብ ምልክት ተነሥቶ እየተንሳፈፈ ወጣ።

በማግስቱ ሎን ማውንቴን ነዳሁ። አስተባባሪዋ ጋራዥ ደጃፏ ላይ ጠበቀችኝ፤ ዓይኗ ቀልቷል። ኩዊልቱን አጥባና አጣጥፋ፣ መርፌ ቁልፎቹን በመስታወት ዕቃ አድርጋ ይዛ ነበር።

«እንዴት እንደነበር ንገሪኝና እንደዚያው መልሼ ልሰካው» አለች።

«ተይው።»

ኩዊልቱንና የመስታወቱን ዕቃ ሰጠችኝ። «አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ይህን ለአንዲት ልጅ ቃል ገብተንላታል። ስምንት ዓመቷ ነው። አሳዳጊዎቿን ምን ልበላቸው?»

ልመልስላት አፌን ስከፍት የወጣው የባለቤቴ ጥያቄ ነው። «አንቺ ትለብሺዋለሽ?»

ዳክዬዎቹን አየቻቸው። «እኔ? እኔማ አልጋ ልብስ አላጣሁም። ለእነሱ ግን ይበቃል እኮ።»

የእኔው መልስ ነበር። ጭምብሌን ዝቅ አድርጌ አየር ሳብኩ። እሷን ልጸየፋት ነበር ያን ሁሉ መንገድ የነዳሁት። ከሷ ምንም የተለየሁ አልነበርኩም፤ ያውም እኔ ካርቶኑን ስከፍት አሽትቼዋለሁ።

«ለልጅቷ ሌላ እሰፋለሁ፤ ሁለት ሳምንት ስጪኝ» አልኳት።

ቤት ገብቼ ኩዊልቱን ዘረጋሁት። መርፌ ቁልፎቹ የነበሩበትን ቀዳዳ ፈለግሁ። ጨርቅ ሲታጠብ ቀዳዳው ይዘጋል፤ አንድም አላገኘሁም። ሲጋራው ግን አሁንም ከሥር ይሸታል።

ለራሴ የመረጥኩትን ነጩን ጥጥና ግራጫውን ሊነን አወጣሁ፤ ልጅ ነጭና ግራጫ ብቻ አይወድም ብዬ ለአዲስ መጋረጃ የገዛሁትን ቀይ ጨመርኩበትና ገጣጠምኩት። ሶፋውን ብቻዬን ገፋሁ። ከመስታወቱ ዕቃ የእሱን መርፌ ቁልፎች አንሥቼ፣ ጉልበቴ ሥር ትራስ አድርጌ፣ ከግራ ወደ ቀኝ በግማሽ ክብ ሰባት ሰባት ሰካሁት። መሰካቱ ብቻ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፤ ከዚያ በመኪና ሰፍቼ ለአስተባባሪዋ ሰጠኋት። ልጅቷ ትውደደው አትውደደው አላወቅሁም፤ አይነግሩንም።

ከማኅበሩ አልወጣሁም። በየስብሰባው ስንት ደግ ሰዎች እንደሆንን ሲወራ ካሜራዬን እዘጋለሁ። «ለበጎ አድራጎት» የሚለው ካርቶን አሁን እኔ ቤት ነው የሚቀመጠው። የሚመጣውን ጨርቅ አሸታለሁ፤ የሚሸተውን እጥላለሁ። ዳክዬዎቹን እኔ ለብሼ እተኛለሁ።