ጎቫን ውስጥ በስህተት ያዞርናት ሙሽራ

ኢሽቤል ሬኒ እስክትሞት ድረስ አላገባችም። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት «አንዴ አዙረውኛል፣ ይበቃል» ትል ነበር። አዲስ ሰው ይህን ሲሰማ ባሏ የሞተባት ይመስለውና አንገቱን ይደፋል። እኛ የድሮዎቹ ግን እርስ በርስ እንተያያለን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢሽቤል ራሷ ላይ የመስኮት መጋረጃ ደፍታ፣ አንገቷ ላይ የወረቀት አበባ አጥልቃ፣ በሰፈራችን በጎቫን ጎዳና ሙሽራ ተብላ በዞረችበት ቀን፣ እውነተኛዋ ሙሽራ ሌላ ሴት ነበረች። ያቺ ሌላዋ ሴት ደግሞ ከጎኗ ነበረች፤ ሳንቲም የሚጣልበትን ፖፖ ተሸክማ። ዋናውን ነገር ከጅምሩ ያወጣሁት ወሬ ሆዴ ውስጥ ስለማያድር ነው። እናቴም ሆድ አልነበራትም።

ጊዜው የጦርነት ነው። ወንዶቹ ግማሾቹ ባሕር ላይ፣ ግማሾቹ በረሃ ላይ ናቸው። መርከብ ደግሞ ያስፈልጋል፤ እኛ እንሠራለን፣ ጀርመን ያሰጥማል፣ እኛ እንደገና እንሠራለን። እኔ መርከብ መሥሪያው ውስጥ ክሬን ላይ ነበርኩ። ከዚያ ሆኖ የማይታይ ነገር የለም። የትኛው አለቃ የት ተሸጉጦ እንደሚያንቀላፋ፣ ማን ከማን ጋር ከላሜራ ክምር ኋላ እንደሚገባና ማን ቀድሞ እንደሚወጣ አያለሁ። ለሻይ ስወርድ ሴቶቹ ይከቡኝና «ግሪዝል፣ ዛሬ ምን አየሽ?» ይሉኛል። እኔም ያየሁትን እነግራቸዋለሁ፤ ወሬ ሲጎድል ትንሽ እጨምርበታለሁ።

ኢሽቤል በያጅ ነበረች። ረጅም፣ ከሲታ፣ ምላሷ ከምትበይድበት እሳት የማይተናነስ። አገሯ ከወንዙ ማዶ፣ ክላይድባንክ ነው። ከተማው በቦምብ የነደደ ጊዜ እሷ ሥራ ላይ ነበረች። ስትመለስ ቤቱም የለም፣ እናቷም የለችም፣ ሁለቱ እህቶቿም የሉም። በለበሰችው ቱታ ብቻ ወደኛ መጣች። ያን ጊዜ ቢኒ ጋልት የምትባል ሌላ በያጅ ማንንም ሳታማክር እጇን ይዛ ወደ ክፍሏ አስገባቻት። አንድ ክፍል ነው፣ አልጋውም አንድ። ጀርባ ለጀርባ ይተኛሉ፣ የራሽን ስኳራቸውን ከአንድ ጣሳ ይበላሉ። ከዚያ ወዲያ ኢሽቤል በምድር ላይ ያላት ሰው ቢኒ ብቻ ሆነች።

ሥራቸውም አንድ ላይ ነበር። የመርከቧ የታችኛው ሆድ ጠባብ ነው፤ ሰው በደረቱ ተስቦ ይገባል፣ ጭሱ መውጫ የለውም። ስለዚህ አንዷ ገብታ ስትበይድ፣ ሌላዋ ቀዳዳው አፍ ላይ ቁጭ ብላ የወገቧን ገመድ ትይዛለች። ከውስጥ ያለችው ዝም ካለች ትጎትታታለች። ኢሽቤል ያንን ገመድ ከቢኒ በቀር ለማንም ሰጥታ አታውቅም። አንዴ ቢኒ ጉንፋን ይዟት ስትቀር አለቃው ሌላ ሴት መደበላት፤ ኢሽቤል አልገባም ብላ ቀኑን ሙሉ ብረት ስትጠርግ ዋለች።

አሁን ወደ ዋቲ ፐርደን ልምጣ። ዋቲ ላሜራ ገጣጣሚ ነው፤ መርከቡ ተመትቶ ከባሕር በአንድ ደህና እግርና በአንድ አንካሳ እግር የተመለሰ። ከኢሽቤል ጋር ከጠዋት እስከ ማታ ይሰዳደባሉ። እሱ መጥቶ የብየዳ ስፌቷን ያይና «ይቺን የበየድሻት በክርንሽ ነው?» ይላታል። እሷም ቀና ሳትል «በአንተ እግር በይጃት ቢሆን ኖሮ ታነክስ ነበር» ትለዋለች። በሳቅ እንሞታለን፤ ዋቲም ከሁላችን በላይ ይስቃል። በእኛ ዘንድ እንዲህ የሚሰዳደቡ ወንድና ሴት ከተጋቡ ቆይተዋል ማለት ነው። ኢሽቤልም ብትሆን እሱ ሊመጣ ሲል ሻሿን ፈትታ ፀጉሯን በጣቶቿ እንደምታበጥር ከላይ አይቻለሁ።

ቢኒን ግን ማን ያያል? ቢኒ አጭር፣ ዝምተኛ፣ ሻይዋን ጠጥታ ጣሳዋን የምታጥብ ሴት ነበረች። እንዲህ ዓይነት ሰው ለኔ የወሬ ሥራ አይመችም።

አንድ ዓርብ፣ ለምሳ እንደተቀመጥን፣ ናን እያለከለከች መጣች። ናን የላሜራ መብሻ ማሽን ላይ የምትሠራ ግዙፍ ሴት ናት፤ አክስቷ ቤተክርስቲያኑን ታጸዳለች። አክስቷ ወለል ስትወለውል ቄሱ ለሚስታቸው ሲናገሩ ሰምታለች፦ ዋቲ ፐርደን ነገ ቅዳሜ ያገባል፣ ሙሽራዋ ከመርከብ መሥሪያው አንዲት በያጅ ናት፣ ያለ ግርግር በጸጥታ እንዲሆን ሙሽሮቹ ለምነዋል።

በጸጥታ! ኢሽቤልና ጸጥታ ምን አገናኛቸው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም። «ቤተሰብ ስለሌላት አፍራ ነው» አለች ናን። እንግዲያው ቤተሰቧ እኛ ነን ተባባልን። አንዷ መጋረጃዋን ከመስኮት ልታወርድ ሮጠች፣ ሌላዋ የአያቷን ፖፖ ልታመጣ፣ ሦስተኛዋ ጨው ልትለምን።

በእኛ ወግ ሙሽራ ሙሽራ መሆኗን አትጠየቅም። ሥራ ስታበቃ በር ላይ አድፍጠው ይይዟታል፣ ያለብሷታል፣ የድስት ክዳን እያጋጩ በሰፈሩ ያዞሯታል፤ ጨውና ትንሽ አሻንጉሊት ያለበትን ፖፖ ሚዜዋ ትሸከማለች፤ በመንገድ ያለ ወንድ ሁሉ ሙሽራዋን ይስምና ሳንቲም ይጥላል፤ እሷም ፖፖውን መሬት አስቀምጠውላት ሦስት ጊዜ ትዘለዋለች። አስቀድሞ የጠየቀ ሰው ደስታውን ገደለ ይባላል። ስለዚህ ማንም አልጠየቀም።

ቢኒን ልንነግራት ፈለግናት፣ አጣናት። ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ወስዳ ወጥታለች አሉን።

ጥሩምባው ሲነፋ ኢሽቤልን በሩ ላይ ያዝናት። እንደ ድመት ተናነቀችን። ማንም እንዳልጠየቃት፣ እንደማታገባ፣ እንዳበድን ነገረችን። ሙሽራ ሁሉ እንዲህ ነው የምትለው፤ እየሳቅን መጋረጃውን ደፋንባት። ናን ግን ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለችና፦

«አትልፊ እቴ። ዋቲ ቄሱ ጋ ሄዷል። ነገ ነው፤ ሁሉን እናውቃለን» አለቻት።

ኢሽቤል መታገሏን አቆመች። እጆቿ ባሉበት ቀሩ። ዋቲ ረቡዕ ዕለት ቅዳሜን ባዶ አድርጊልኝ፣ ዓርብ ማታ የምነግርሽ ነገር አለኝ ብሏት ነበር፤ ይህን በቀስታ፣ ለራሷ እንደምታወራ ነገረችን። የሰው ፊት እንደዚያ ሲከፈት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

«ሳይጠይቀኝ?» አለች። «ምን ያለው ደፋር ነው?» ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ አለቀሰች፣ ከዚያ ክንዴን ያዘችኝ። «ግሪዝል፣ እኔም ቤተሰብ ሊኖረኝ ነው እኮ።»

ይህን ጊዜ ቢኒ ኢሽቤልን ልትቀበል በበሩ ማዶ መጣች። ናን ምንም ሳትል ፖፖውን እጇ ላይ አስቀመጠችላት። ቢኒ ኢሽቤልን አየች፣ መጋረጃውን አየች፣ እኛን አየች። ፊቷ ከጨው የነጣ ሆነ። ሳንነግራት በመቅረታችን የተቀየመች መስሎኝ ነበር። አፏን ከፈተች፤ ክዳኖቹ ተንጫጩ። «ቁሙ» አለች፤ ከንፈሯን አይቻለሁ። ደግማ አለች። ለሦስተኛ ጊዜ ልትል ስትል ኢሽቤል ዞር ብላ ጉንጯን ሳመቻትና «አንቺም አታውቂም ነበር አይደል?» አለቻት።

ቢኒ ፖፖውን ተሸክማ ተከተለችን።

ሰልፉ ምን ልበላችሁ። ትራሙ ቆመ፤ ሾፌሩ ወርዶ ሳማት። ከመጠጥ ቤት ወንዶች ብርጭቆ እንደያዙ ወጡ። ዓሣና ድንች የምትጠብሰዋ ሴትዮ ሱቋን ትታ እጇን እያራገፈች መጣች። በየማዕዘኑ ቢኒ ጎንበስ ብላ ፖፖውን ታስቀምጣለች፣ ኢሽቤል በረጅም እግሯ ትዘላለች፣ ቢኒ መልሳ ታነሳለች። ሳንቲም በበዛ ቁጥር ይከብዳል። ኢሽቤል የመረቃትን ሁሉ ትመርቃለች፤ የሰደባትን ሁሉ ትሰድባለች።

ከዚያ ናን ወደ አማቷ ቤት ብላ ጮኸች፤ ወደ ዋቲ እናት ማለቷ ነው። ቢኒ እጅጌዬን ያዘችኝ።

«ግሪዝል፣ ወደዚያ አትውሰዷት።»

«ምነው?»

«በእግዚአብሔር ይዤሻለሁ።»

ቅናት ያዛት ብዬ አሰብኩ። ያ ሁሉ ከላይ ሆኜ ያየሁት ነገር በዚያ ሰዓት ምንም አልጠቀመኝም። ይህን ሳስብ ሰልፉ ማዕዘኑን ዞሯል።

ወይዘሮ ፐርደን እጃቸው ዱቄት በዱቄት ሆኖ ከደረጃው ወረዱ። የሠርጉን ኬክ እየጋገሩ ነበር። ግርግሩን አይተው ፈገግ አሉ፤ ኢሽቤልን ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና መጋረጃው የጨዋታ መስሏቸው፦

«ዋናዋ ሚዜ አንቺ ነሽ አይደል የኔ ልጅ? ዋቲ ዛሬ ማታ እነግራታለሁ ሲል ነበር፤ ነግሮሻል ማለት ነው» አሏት። ከዚያ ዓይናቸው ወደ ፖፖው ሄደ። «አንቺ ቢኒ! በዚህ ሁኔታሽ ይህን ትሸከሚያለሽ? አስቀምጪው። ልጁን ልትጎጂው ነው?»

ያ ሁሉ ክዳን ባንድ ጊዜ ዝም አለ። ከአንዷ እጅ አንዱ አመለጠና በድንጋዩ ላይ እየተንከባለለ ሄዶ፣ ሄዶ፣ የጎርፍ ቱቦው አጠገብ ወደቀ። ማንም ሊያነሳው አልሄደም። እኔ ምድር ተሰንጥቃ በዋጠችኝ እያልኩ ነው። ዋቲ ግማሽ ፊቱ በሳሙና አረፋ እንደተሸፈነ ከደረጃው ብቅ አለ። እኛን ሲያይ ምላጩ እጁ ላይ ቀረ። «ኢሽቤል» ሲል፣ ሳትዞር መዳፏን አነሳችበት።

ቢኒን ነበር የምታየው። ከቦምቡ በኋላ የቀራትን አንድ ሰው።

«ልንነግርሽ ነበር» አለች ቢኒ። «ዛሬ ማታ፣ ሁለታችንም ሆነን። ብነግርሽ ትሄጃለሽ ብዬ ፈራሁ።»

ኢሽቤል አበባውን አወለቀች። መጋረጃውን ከራሷ ገፈፈችና ቢኒ ራስ ላይ ደፋችው፤ አገጯ ሥር ቋጠረችው፤ ጠበቅ አድርጋ፣ ቢኒ ትንፋሽ እስኪያጥራት። ፖፖውን ከእጇ ተቀበለችና መሬት ላይ አኖረችው።

«ዝለይ።»

«ኢሽቤል...»

«ዝለይ አልኩሽ። ሦስቴ ነው።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «ቀስ ብለሽ።»

ቢኒ እያለቀሰች ዘለለች። አልቋል ብለን ልንበተን ስንል ኢሽቤል አንድ ክዳን ከናን እጅ ነጠቀች፣ ሌላ ከእኔ፣ ፖፖውን ለእኔ አሸከመችኝ፣ እያጋጨችም የመጣንበትን መንገድ መልሳ ወሰደችን። ከእኛ መሃል ልብ የነበረው ሰው አልነበረም፤ የምትጮኸው እሷ ብቻ ናት። መጠጥ ቤቱ ጋ ስንደርስ ቅድም የሳሟት ወንዶች ወጥተው ግራ ተጋቡ። አንዱ ስንት ሙሽራ ነው ያላችሁ ብሎ ጠየቀ።

«የፊተኛዋ ናሙና ነበረች» አለችው ኢሽቤል።

ማንም አልሳቀም። እኔ እንኳ።

ቅዳሜ ዋና ሚዜ ሆና ቆመች። ከዋቲ ጋር ጨፈረች፣ እግሩንም እንደወትሮው ሰደበችለት። ማታ ግን ወደ ናን ቤት ሄዳ ወለል ላይ ተኛች፤ ናን እንደነገረችን ዓይኗን ሳትከድን ጣራውን ስታይ ነጋ። ሰኞ ምን ይሆን ይሆን? መርከብ መሥሪያው በሙሉ የሚያወራው ይህንኑ ነበር። ሌላ ሰው ይመደብልኝ ትላለች ያሉ ነበሩ፤ ወደ ሌላ መርከብ መሥሪያ ትሄዳለች ያሉም ነበሩ። ቢኒ ጠዋት ቀዳዳው አጠገብ ደርሳ፣ ገመዱ ላይ ዓይኗን ተክላ ቆማ ነበር። እንደ ተከሳሽ።

ኢሽቤል መጣች። ጓንቷን አጠለቀች። የገመዱን አንድ ጫፍ ወገቧ ላይ ቋጠረች፤ ሌላውን ጫፍ ምንም ሳትናገር ለቢኒ ሰጠቻት። እኔ ክሬኑን ትቼ፣ ዘይት ጎድሏል ብዬ ወርጄ፣ ከላሜራው ኋላ ቆሜያለሁ። ክሬኑ ዘይት አልጎደለውም።

ኢሽቤል በደረቷ ተስባ ግማሽ አካሏ ከገባ በኋላ ቆመች። የብየዳ ጭንብሏን ገና አላወረደችም።

«ዓርብ ዕለት፣ ፖፖው ከብዶሽ ነበር?»

«እጄ ሊቆረጥ ነበር» አለች ቢኒ።

«እሰይ።»

ኢሽቤል አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ተሳበችና እንደገና ቆመች።

«ከቀዳዳው አፍ ራቅ በይ» አለች ኢሽቤል፤ «ጭሱ ለልጁ ጥሩ አይደለም። ገመዱን ግን እንዳትለቂ።»

ቢኒ ወደ ኋላ ሸሸት አለችና ገመዱን ሁለቴ በመዳፏ ላይ ጠመጠመችው። ከውስጥ የብየዳው ሰማያዊ ብርሃን በራ።