የአያቴን ምንሽር ያጸዳን ዕለት

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ግቢያችን፣ አባቴና የድሮ የባቡር ሥራ ጓደኛው የአያቴን ምንሽር ጠመንጃ ዘርግተው ተቀመጡ። የመሣሪያው ፈቃድ ታድሶ ስለነበር በማግስቱ ከከተማ ውጭ ሊተኩሱበት ቆርጠዋል። መዝጊያው የተቀባው ሞራ ደርቆበት አልከፈት አለ። እኔ በነጭ ጋዝ እያጠብኩ አላቀቅኩት፤ ሁለቱም አጨበጨቡልኝ። መዝጊያውን አውጥቼ በአፈሙዙ ወደ ሰማይ ሳይ ግን ብርሃን የለም።

ሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። እንደምንም፣ “አባዬ፣ ውስጡ ተደፍኗል” አልኩ።

ጓደኛው ሳቁ። “አቦ ተዪን! ዲግሪሽ የጠመንጃ ነው እንዴ? አርጅቶ ጠቁሮ ነው።”

“ጋሼ፣ እንዲህ ከተተኮሰ አባዬ ፊት ላይ ይፈነዳል” አልኩ።

አባቴ ቀጭን ዘንግ አቀበለኝ። ስገፋው በሰም የተነከረ ጨርቅ ወጣ። አያቴ አቧራ እንዳይገባ አፈሙዙን ይወትፉ እንደነበር አባቴ ያኔ ትዝ አለው። ጓደኛው ጨርቁን አገላብጠው አዩና፣ “ነገ ቀድማ የምትተኩሰው እሷ ናት” አሉ።

በማግስቱ ጠዋት ከከተማ ውጭ ካለው ተራራ ግርጌ ጣሳ አቆሙልኝ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ተኮስኩ። ሳትኩት። ከዚያ ማንም ሳይጋብዘኝ ሁለተኛ ጥይት ጠየቅኩ።