የአባባ ሽጉጥ ጠረጴዛው ላይ ነው

አባባ ካረፉ አርባቸው ወጣ። ከፖሊስነት ጡረታ ሲወጡ በፈቃድ የቀሩላቸው ሁለት አሮጌ ሽጉጦች ልደታ ቤታችን ሳጥን ውስጥ አሉ። የድሮ ዕቃ ሰብሳቢዎች ሽጡልን ብለው ቢለምኗቸውም እምቢ ብለው ኖሩ። ሊወለውሏቸው ሲሉ መጀመሪያ ይከፍቷቸውና እኔን ይጠሩኝ ነበር።

«ነይ እዪው፣ ጥይት አለው?»

«ኧረ አባባ፣ ባለፈው ሳምንትም ባዶ ነበር!»

«ያለፈው አለፈ። እዪ እንጂ፣ አንቺ ፈሪ! ሽጉጥ በአንድ ሰው ዓይን አይታመንም።»

አጎንብሼ አይቼ «ባዶ ነው» ካላልኩ ጨርቁን አያነሱም ነበር።

ዛሬ ልጄ የሳጥኑን ቁልፍ ከአባባ ትራስ ስር አግኝቶ፣ አንዱን አውጥቶ እህቱ ላይ ደገነው። «እማዬ፣ ለጨዋታ ነው፣ ባዶ እኮ ነው!» እያለ ይስቃል። «በማርያም አስቀምጠው!» ብዬ ጮህኩ። ደንግጦ ጠረጴዛው ላይ ተወው።

ልጆቹን ጎረቤት ሰድጄ፣ ይህን የምጽፈው ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ነው። የአባባ የድሮ ባልደረባ ሽጉጡን ከፍተው ሊያዩልን ከተክለ ሃይማኖት እየመጡ ነው፤ እስኪደርሱ ማንንም አላስገባም።

አባባ፣ ነፍስዎ ትረፍ። ያን ሁሉ ዓመት ያየሁት እርስዎ ከፍተው ያሳዩኝን ብቻ ነው። እጅዎ እንዴት እንደሚከፍተው አንድ ቀን እንኳ አላየሁም።