ኦቾሎኒ የተጠቀለለበት መጨረሻ

በፍቅር ልብወለድ ላይ የቆየ ቂም አለኝ። ልጅቷ ሁልጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው፤ አንገቷ መቃ፣ ጥርሷ በረዶ። ልጁ ደግሞ አንዴ ካያት እህል አይወርድለትም። ሁለቱም በዕድሜያቸው የጥርስ ሕመም እንኳ የቀመሱ አይመስሉም። እኔ ራሴ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ከግማሽ በላይ መግፋት ያቅተኝ ነበር። ጠባዬን ያበላሸችው፣ ወይም ያሳመረችው፣ ናዝሬት መናኸሪያ በር ላይ ኦቾሎኒ ትሸጥ የነበረች ሴት ናት።

ሴትየዋ ኦቾሎኒዋን የምትጠቀልለው ከአንድ ወፍራም መጽሐፍ እየቀደደች ነበር። ሽፋኑ ከእሷ በፊት የጠፋ ነው፤ እሷ ከኋላ ጀምራ ወደ ፊት ትመጣለች። አንድ ጥቅል ገዝቼ እየቆረጠምኩ ወረቀቱን ሳየው አንዲት ሴት ከወንበሯ ስትነሳ «ውይ ወገቤን» ትላለች፤ ሰውየውም እጁን ይሰጣታል። ቆም አልኩ። ወገቧን የሚያማት አፍቃሪ በልብወለድ ገጥማኝ አታውቅም። በማግስቱ ተመልሼ ጽፌ የጨረስኳቸውን ሁለት የሒሳብ ደብተሮች ሰጠኋትና የተረፈውን መጽሐፍ ወሰድኩ። «ደብተር ይሻላል፤ ወረቀቱ ጠንካራ ነው» አለችኝ። ሁለታችንም የተጠቀምን መሰለን።

ታሪኩ የተረት ዓለም ነው። ከሐይቅ ሥር የተሠራች ከተማ አለች። በከተማዋ አንዲት ወጌሻ ትኖራለች፤ ዕድሜዋ አርባን ያለፈ፣ በወጣትነቷ ዘንዶ የለበለባት፣ ባሏም ጠባሳዋን አይቶ ጥሏት የሄደ። ሰውየው የንጉሥ ጦር አዝማች የነበረ ነው። አንዲት ጠንቋይ ረግማው ትከሻው ላይ ያለው ቁስል በዋሸ ቁጥር ይደማል። ወጌሻዋ ልታክመው ትቀበለዋለች። «ስለ እርስዎ አስቤ አላውቅም» ይላታል፤ ሸሚዙ በደም ይርሳል። እሷም ምንም እንዳልገባት ሆና ፋሻ ልታመጣ ትነሳለች። እንዲህ ባንድ ጊዜ የሚያስቅና የሚያስለቅስ ፍቅር አንብቤ አላውቅም ነበር።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ ውጤት እየጠበቅሁ በቀበሌያችን መሠረተ ትምህርት አስተምር ነበር። ተማሪዎቼ የእናቴ እኩዮች ናቸው። አንዷ እንዲያውም ቤቷ የምኖረው አክስቴ ነበረች። አክስቴ ልብስ ሰፊ ነች። ፊደል ስላልቆጠረች የሰው ልክ የምትይዘው በክር ላይ ቋጠሮ እየቋጠረች ነው፤ የአንዷን ክር ከሌላዋ ጋር አደባልቃ ግን አታውቅም። ቤት ውስጥ «አንቺ ሰነፍ» የምትለኝ ሴት ክፍል ስትገባ «መምህርት» ትለኛለች፤ ስንወጣ ደግሞ ወደ ሰነፍነቴ እመለሳለሁ።

አርባ ሦስት ዓመቷ ነበር። የላምባ ምድጃ ፈንድቶባት ከአንገቷ እስከ ጆሮዋ ጠባሳ አላት። ባሏ ሐኪም ቤት ድረስ መጥቶ አንዴ ጠየቃት፤ ከዚያ ሻሸመኔ ወርዶ ሌላ አገባ። ይህን ነገር ስታነሳው ሰምቼ አላውቅም። በዚያ በናዝሬት ሙቀት አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ መዋሏ ግን ይናገር ነበር። ዘንዶውን በላምባ ምድጃ ብትተኩት ወጌሻዋ አክስቴ ነች። ይህን ያወቅሁት መጽሐፉን ጮክ ብዬ ማንበብ ከጀመርኩ በኋላ ነው።

ጮክ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት ቸግሮኝ ነው። ፊደሉን እንደጨረስን ተማሪ መቅረት አበዛ። እንድናነብ የተሰጡን ጽሑፎች ስለ ምርት ነበሩ፤ ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ውሎ የመጣ ሰው ስለ ሥራ ሲነበብለት ያንቀላፋል። ስለዚህ የመጨረሻዋን ሩብ ሰዓት ለመጽሐፌ ሰጠኋት። በሳምንቱ የቀበሌው አዳራሽ አግዳሚ ወንበር አነሰው።

ሴቶቹ ዘንዶውንም፣ ከሐይቅ ሥር ያለችውንም ከተማ ያለ አንዳች ጥያቄ ተቀበሉ። የተከራከሩት በ«እርስዎ» ነው። ሁለቱ ሰዎች ከመጀመሪያ ጀምሮ «እርስዎ» ይባባላሉ። ቁስሉን ስታጥብለት «እርስዎ»፣ ተጣልተው ዕቃ ሲወራወሩ «እርስዎ»። «መቼ ነው አንቺ የሚላት?» የሚለው የክፍሉ ትልቅ ጥያቄ ሆነ። ከወሎ መጥተው ገበያው አጠገብ ሱቅ የከፈቱ አንድ እናት ነበሩ፤ ሲናገሩ ሁሉም ይሰማቸዋል። «ተዉት አይቸኩል» አሉ፤ «የቆሰለ ሰው ቀስ ተብሎ ነው የሚነካ።» እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ለምን እንደሚወደዱ ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። ልጆች ሲዋደዱ አይፈሩም፤ ምን እንደሚያቃጥል አያውቁማ። እነዚህ ግን ያውቃሉ። አውቀው ደግሞ እጃቸውን ይዘረጋሉ። ለዚህ ነው የወጌሻዋ ጣት የሰውየውን ክንድ የነካ ዕለት በአዳራሹ ውስጥ ዝንብ ሲበር ይሰማ የነበረው።

ወንዶች ተማሪዎቼ ጥቂት ነበሩ። ከእነሱ አንዱ ባለጋሪ ናቸው፤ ከደራ የመጡ፣ አፋቸውን በኦሮምኛ የፈቱ፣ ምሥራቅ ግንባር ዘምተው ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ የተመለሱ፣ ሚስታቸውን በወሊድ ያጡ ሰው። ሃምሳ ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸዋል። አማርኛቸው ፈጣንና ጣፋጭ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ይጎድለዋል። «እርስዎ» የሚባል ነገር የለበትም። ሴቱን ሁሉ «አንቺ»፣ ወንዱን ሁሉ «አንተ»። የቀበሌው ሊቀመንበር ሊጎበኘን የመጣ ቀን «አንተ ጓድ፣ በሩን ዝጋው፣ አቧራ ገባ» አሉት። ሊቀመንበሩ ደነገጠና ዘጋው።

አክስቴን በመጀመሪያው ቀን «አከም ጅርታ?» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው «አንቺ፣ እስቲ ጠጋ በይ» አሏት። አክስቴ ጠጋ አላለችም። ቤት ስንደርስ «ማንም ጋሪ ነጂ ተነስቶ አንቺ ይበለኝ?» እያለች የስፌት መኪናዋን ረገጠችው። በሚቀጥለው ትምህርት ፊት ለፊት ጠየቀቻቸው።

«ለመሆኑ እርስዎ ማለት አያውቁም?»

እሳቸው አልተቆጡም። «በእኛ ለትልቁም ለትንሹም 'አቲ' ነው» አሏት። «እናንተ ደግሞ ሰውን እርስዎ ትላላችሁ፣ እግዜርን አንተ ትላላችሁ። ታዲያ ማነው ትልቁ?»

ክፍሉ ሳቀ። አክስቴ አልሳቀችም። ያን ዕለት ቤት ገብታ የቀሚስ ጠርዝ ስትዘመዝም ግን ብቻዋን ፈገግ ስትል አይቻታለሁ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በጋሪ መሄድ ጀመረ። ከክፍል ስንወጣ የባለጋሪው ባዝራ ደጅ ላይ ቆማ እናገኛታለን። «መንገዴ ነው፣ ላድርሳችሁ» ይላሉ። መንገዳቸው እንዳልሆነ ሰፈሩ በሙሉ ያውቃል፤ ከመጽሐፉ ሰውዬ የሚለዩት ሲዋሹ ትከሻቸው ባለመድማቱ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ስንደርስ ባርኔጣቸውን ያነሳሉ፤ ከዚያ «አንቺ፣ ዛሬ ምን ሰፋሽ?» ይሏታል። አክስቴ በመጀመሪያ «ልብስ» ብቻ ትል ነበር። ቆይታ የአንገትጌውን ዓይነት ሁሉ መዘርዘር አመጣች። «አንቺ» መባሉን ረሳችው ማለት አይደለም። ለመደችው፤ ከዚያ ወደደችው።

ክረምት ሲገባ የወሎዋ እናት በባለጋሪው ተልከው ለሽምግልና ቤታችን መጡ። ሽማግሌ ወንድ ነው የሚላከው፤ እሳቸው ግን «ወንዶቹ ሲያንዛዙት ክረምቱ ያልፋል» ብለው ብቻቸውን ነው የመጡት። አክስቴ ሻርፗን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። በመጨረሻ «መጽሐፉ ሲያልቅ መልስ ትሰጣለች ይበሏቸው» አለች። የወሎዋ እናት ቀልድ መስሏቸው ሳቁ።

እኔ መሳቅ አልቻልኩም። ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። ጠባሳ ያለባት ሴት፣ በዚያ ዕድሜ፣ ነገሩ በደኅና ሲያልቅላት አንድ ጊዜ ማየት ፈልጋለች፤ በተረትም ቢሆን። የዚያ መጽሐፍ መጨረሻ ደግሞ ኦቾሎኒ ተጠቅልሎበት ከናዝሬት እስከ ሞጆ በአውቶቡስ መስኮት ተወርውሮ አልቋል። ይህን ለማንም አልነገርኩም ነበር። እንዳይቀሩብኝ ፈርቼ ነው።

ምን ላድርግ፣ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ሦስት ገጽ። ሰውየው በሐይቁ ዳር ተንበርክኮ «አንቺ» ይላታል፤ «አንቺ» ሲላት ቁስሉ ይጠግጋል፤ ወጌሻዋ ታለቅሳለች፣ ዓሦች ይዘላሉ። ዓሦቹ የበዙ መስለውኝ ነበር፤ ግን ተውኳቸው። ወረቀቶቹን መጽሐፉ መሐል ሸጉጬ አነበብኩት። ክፍሉ አጨበጨበ። አክስቴ ዓይኗን በሻርፗ ጫፍ ጠረገች። የወሎዋ እናት ብቻ ቅር ብሏቸዋል። «ደራሲው እዚህ ላይ ምነው ልጅ ሆነብኝ» አሉ፤ «አርባ ያለፋት ሴት አንቺ ስለተባለች ብቻ እንዲህ ትቀልጣለች?» አንገቴን ደፍቼ ጥቁር ሰሌዳውን አጠፋሁ።

ስንወጣ ጋሪው ቆሟል። አክስቴ መልሷን ይዛ እንደወጣች ፊቷን ያየ ሁሉ ያውቃል። ባለጋሪው ባርኔጣቸውን አውልቀው የማይታጠፈውን እግራቸውን እንደምንም አስተካክለው ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንደምን ዋሉ?» አሏት። «እርስዎ… ይውጡ። ይቀመጡ።»

አክስቴ ባለችበት ቀረች። «እግዜር ይስጥልኝ፤ በእግሬ እሄዳለሁ» አለችና መንገዱን ጀመረች። እኔም ተከተልኳት። ባለጋሪው ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቆመው ቀሩ።

ሳምንቱን ሁሉ ክፍል አልመጣችም። ሁለት ቀሚስ አበላሸች፤ አንዱን ሁለት ግራ እጅጌ ገጠመችለት። «ራቀኝ» አለችኝ በመጨረሻ። «አንቺ ሲለኝ ከርሞ እንደ ሹም እርስዎ አለኝ። ሰምተሽ የለም እንዴ፣ ያኛው ሲቀርባት ነው አንቺ ያላት። ይሄኛው ቀርቦ አየኝና ራቀ።» እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ። በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

«መጨረሻውን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

የስፌት መኪናው ቆመ። «የቱን?»

«አንቺ የሚላትን። ዓሦቹንም። የመጽሐፉ መጨረሻ ከመጀመሪያውም አልነበረም።»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመትሽ?»

«በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ።»

ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ለረጅም ጊዜ አየችኝና «የወሎዋ እናት ገብቷቸው ነበር» አለች። ከዚያ ከልብሷ ላይ የክር ቁርጥራጩን አራግፋ ተነሳች። «ጫማሽን አድርጊ። ከሰውየው ራሱ እሰማለሁ።»

ጋሪዎቹ መናኸሪያው ፊት ተደርድረው ነበር። አክስቴ በጋሪ ነጂው ሁሉ መሐል አልፋ እሳቸው ፊት ቆመች። እንዲህ ያለ ወቀሳ በአማርኛ ከዚያ በፊት የተሰማ አይመስለኝም።

«ምን በድዬዎት ነው እርስዎ የሚሉኝ?»

ባለጋሪው ግራ ገባቸው። መጀመሪያ የማይታጠፈውን ጉልበታቸውን፣ ቀጥለው እኔን፣ በመጨረሻ እሷን አዩ።

«ሦስት ሳምንት ተለማመድኩት እኮ» አሉ። «ወንጂ ሰው ሳደርስ መንገዱን ሙሉ 'እርስዎ፣ እርስዎ' ስል፣ የጫንኩት ሰውዬ 'ምን ፈለጉ?' ይለኛል።» ዙሪያው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «አንቺ ለሁሉም እላለሁ። ለሽንኩርት ሻጯ አንቺ። ለባዝራዬ አንቺ። የመጽሐፉ ሰውዬ ግን እርስዎ የሚላት አንዲት ሴት አለች። እኔም ለአንዲት ሴት ብቻ የምለው ቃል ፈለግሁ።» ባርኔጣቸውን አወለቁና «ካስከፋሽ… ካስከፋዎት እተወዋለሁ» አሉ።

እኔ ሦስቱን ገጽ ስጽፍ እንዲህ ያለ ነገር ለምን እንዳልመጣልኝ እያሰብኩ ቆምኩ። እንዲመጣልኝ ሚስት መቅበር፣ ግንባር መዝመት፣ በሰው ቋንቋ መሳቂያ መሆን ነበረብኝ። ጋሪ ነጂዎቹ ሁሉ ያዩናል። አክስቴ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣች፤ ከኋላው መቀመጫ ሳይሆን ከፊት፣ ከእሳቸው ጎን።

«አንተ» አለቻቸው። በዚያች ከተማ ፊት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «ንዳ እንጂ፣ ሰው እያየን ነው።»

«እሺ፣ እርስዎ» አሉ ባለጋሪው። እኔን እዚያው ረስተውኝ ሄዱ።