በጭቃ የተመረገው ጋን

ጠላ መጥመቅ የጀመርኩት ለወንድሜ ነው፤ ጠላ ያስጠላኝም በእሱው ምክንያት ነው። አሁን የሰፈር ልጃገረዶች መጥተው «ለጀማሪ የቱ ይቀላል?» ሲሉኝ አንድ መልስ ብቻ አለኝ፤ ቶሎ የሚደርሰው። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ግን ወሬ እቀይራለሁ።

ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ነበር ቤታችን። እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና ያሳደገችን የአባታችን እህት። ፊት ለፊት እርስዎ እላት ነበር፤ ስለሷ ሳወራ ግን አንቱታው አይመጣልኝም። ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ከመንገድ አፍሰው ወሰዱት። ከማሰልጠኛው በሰው አፍ እንዲህ ብሎ ላከብኝ፦ ወደ ሰሜን ሳንሄድ ፈቃድ ይሰጡን ይሆናል፣ መቼ እንደሆነ አላውቅም፣ እህት ዓለም በገዛ እጅሽ የጠመቅሽው ጠላ ይጠብቀኝ። ድሮም «አንቺ እኮ ውሃ ስታፈዪ የምታሳርሪ ነሽ» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ጠላውን የፈለገው ለዚያ እንደሆነ ገብቶኛል፤ መጥቶ ሊስቅብኝ።

ቤተሰቦቿ ቡልቡላ የሚያርሱ አንዲት ጎረቤት ነበረችን። ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት። «ለመጀመሪያሽ ጉሽ ጥመቂ» አለችኝ። «ጌሾውን ቀነስ፣ ብቅሉን በርከት አድርጊው። ጠለለ አልጠለለ ብለሽ አትጨነቂ። ሳምንት ሳይሞላ ትቀጃለሽ። ቢበላሽብሽም ሌላ ትጠነስሻለሽ፣ ምን ቸገረሽ?»

ልቤም ያለው እዚያው ነበር። አክስቴ ግን ሰማችና ፊቷ ተለዋወጠ። «ዘማች በጉሽ ነው የሚሸኘው? ሰው ምን ይለናል? ወፍራም ፊልተር ጠላ ነው የምትጠምቂው፣ ወር የከረመ።»

ሰው ምን ይለናል። ያ ቤት የሚተዳደረው በዚህች ቃል ነበር።

ጋኑን በግራዋ ፈትጌ አጠብኩ፣ በወይራ አጠንኩት። ጌሾ ወቅጬ ጠነሰስኩ፣ እንኩሮውን ሳነኩር ዓይኔ በጭስ አበጠ። ኬላ ላይ እህል እንደ ጠመንጃ የሚፈተሽበት ዘመን ስለነበር ገብሱን ጎረቤታችን ከአባቷ ቤት በጋቢዋ ሥር እየደበቀች ነው ያመላለሰችልኝ። ድፍድፉ ተደፍድፎ ሲያልቅ አክስቴ የጋኑን አፍ ራሷ በጭቃ መረገችው። «እንግዲህ ባለቤቱ ሳይመጣ ማንም እንዳይነካው» አለች።

ባለቤቱ መጣ። ጭቃው ገና በደንብ አልደረቀም።

በአውሮፕላን ወደ ሰሜን ሊጭኗቸው ቦሌ አምጥተዋቸው፣ አዛዡን ለምኖ ለጥቂት ሰዓት ነው የወጣው። ከስቷል፣ ተላጭቷል፣ ጫማው ሰፍቶታል። ጋኑን ሲያይ ሳቀ።

«ይኼን አንቺ ነሽ የጠመቅሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«በይ እስቲ አንድ ጣሳ፣ ልቅመሰውና ልስደብሽ።»

ጭቃውን ልፈነቅል ቢላዋ አነሳሁ። አክስቴ እጄን ያዘችኝ። «አልደረሰም። አሁን አየር ከገባው አለቀለት። ለመመለሻህ ይሁን ልጄ፣ ያኔ ጠግበህ ትጠጣለህ።»

እሱ ከትልቅ ሰው ጋር አይከራከርም። «እሺ እትዬ፣ እርስዎ ካሉ» አለ። ከእንስራው ውሃ ቀድቼ በጣሳው ሰጠሁት፤ ውሃ ጠጥቶ ሄደ። ውሃ! አመሻሹ ላይ አውሮፕላን በላያችን ሲያልፍ የጣራው ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። እሱ ያለበት ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላውቅም።

ወሩ አለፈና ጠላው ደረሰ። ያን ሰሞን የቀበሌ ሰዎች ለዘማቾች ሽኝት ጠላ ከየቤቱ ይዋጣል እያሉ መጡ። ጋን የሚያህል ነገር የት ይደበቃል? ጭቃውን አክስቴ በገዛ እጇ ሰበረችው። ለወንድሜ ያልተከፈተው ጋን ለሊቀመንበሩ ተከፈተ። ሊቀመንበሩ ጨለጠና ከንፈሩን ጠርጎ «እጅሽ ይባረክ፣ ጓዲት» አለኝ። ጣሳውን ግንባሩ ላይ ብከሰክሰው ደስ ባለኝ። አንገቴን ደፍቼ ደገምኩለት እንጂ ምን አባቴ ላደርግ።

ወንድሜ አልተመለሰም። ሞቷል ያለን የለም፣ አለ ያለንም የለም።

ዓመታት አልፈው ደርግ ሲወድቅ የተበተነው ወታደር በሰፈራችን ማለፍ ጀመረ። እግራቸው የተላላጠ፣ ካኪያቸው የተቀዳደደ፣ በየበሩ ቁራሽ የሚለምኑ የሰው ልጆች ነበሩ። አክስቴ ያኔ ዓይኗ ደክሟል፣ ወገቧ ጎብጧል። «ያችን የጎረቤታችንን ጉሽ ጥመቂልኝ» አለችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ጠመቅሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ቀዳን።

በሩ ላይ በርጩማ አስወጥታ ተቀመጠች። የሚያልፈውን ወታደር ሁሉ «ና ልጄ» እያለች ታጠጣለች፤ ሲጠጣ ፊቱን በዚያ በደከመ ዓይኗ ቀረብ ብላ ታያለች፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ዝቃጩ ገና ያልረጋ ጠላ ነበር። አልደረሰም ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

አላስቻለኝም። «ለዚህ ሁሉ ሰው ከቀዱ፣ ለእሱ አንድ ጣሳ ምን ነበረበት?» አልኳት።

ባዶውን ጣሳ ወደ እኔ ዘርግታ «ሙይልኝ» አለች። ሞላሁላት።