ትምህርት ለመቀየር የላክኋቸው ሽማግሌዎች

የወጣሁ ዕለት አባቴ እስከ ጋሸና ሸኝቶኛል። ጎህ ሳይቀድ ከላሊበላ በተነሳው ሚኒባስ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንድ ቃል አልተነጋገርንም፤ እሱም እኔም ወሬ አናውቅም። ጋሸና ላይ የወልድያው መኪና ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀኝ ጋቢውን ትከሻው ላይ መለሰና፣ «እንግዲህ ከዚህ አፈር ተላቅቀሻል ልጄ። ዞረሽ እንዳታይው» አለኝ። የአባት ቃል እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ። ያንን ተሸክሜ ጣልያን አገር፣ ቱሪን ገባሁ።

የመጣሁት ሆቴልና ቱሪዝም ልማር ነው። የላሊበላ ልጅ ሌላ ምን ትማራለች ተብሎ መሰለኝ፤ ቅጹን የሞላልኝ ሰው አልጠየቀኝም፣ እኔም አልተከራከርሁ። ብርዱን ቻልሁት፤ የላስታ ልጅ ብርድ አይገርማትም፣ የዚህኛው እርጥብ መሆኑ ነው እንጂ። ፖሌንታ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ አላቸው፤ መሀሉ ቅቤና በርበሬ የለው፣ የበሽተኛ ገንፎ በሉት። ጎረቤቶቼም ደረጃው ላይ «ቻው» ብለው ያልፋሉ፤ እንዴት አደርሽ የሚል የለም። ይህንንም ቻልሁት። ያልቻልሁት ትምህርቱን ነው። አስተማሪዋ የእንግዳ አቀባበል ፈገግታ ስታለማምደን እኔን ብቻ ሦስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሦስተኛውን ጊዜ እሷም ተስፋ ቆረጠች።

ቤተ መጻሕፍት ተሸሽጌ ስውል አንድ ቀን ስለ አፈር የተጻፈ መጽሐፍ ገለጥሁ። ተቆርጦ የቆመ መሬት ፎቶ አለበት፤ ላዩ ጥቁር፣ ከሥሩ ቀይ፣ ከዚያ ጭንጫ። ጎርፍ የሚበላው የገብስ ማሳችን ጫፍ ራሱ ነው። እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ፣ ትምህርት ቤት ሳልገባ፣ ያረምሁበት ማሳ በየክረምቱ ሲያንስ አይቻለሁ፤ ለምን እንደሚያንስ የነገረኝ ሰው ግን አልነበረም። በባቡር ሁለት ሰዓት በምትርቅ ከተማ ያለ ዩኒቨርሲቲ ይህንኑ ያስተምራል። ጻፍሁላቸው፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካመለከትሽ እንቀበልሻለን አሉ።

ሴግሬቴሪያ ወደሚሉት የትምህርት ቤታችን ጽሕፈት ቤት ሦስት ገጽ ማመልከቻ ይዤ ሄድሁ፤ «ጉዳዩ» ብሎ ጀምሮ «እንዲፈቀድልኝ በትህትና እጠይቃለሁ» ብሎ የሚያበቃ። ሰውየው ገለባብጦ አየው።

«ማነው የሚፈቅድልሽ?»

«እርስዎ መስለውኝ ነበር።»

«እኔ? እኔ ወረቀት ተቀባይ ነኝ። ማርካ ዳ ቦሎ የታል?»

ማርካ ዳ ቦሎ የመንግሥት ቴምብር ነው፤ የሚሸጠው ደግሞ ሲጋራ ቤት። ከአባቴ ሳልመክር አልገዛም አልሁት። የልደት ዘመኔን ተመለከተና፣ «ሃያ ስምንት ዓመትሽ ነው። አባትሽን ምን አገባው?» አለኝ። ምን እንደሚያገባው በጣልያንኛ ማስረዳት አቃተኝ።

እኔ ድሮ ትምህርት ቤት የገባሁትም አባቴ ላይ ሽማግሌ ልኬ ነው። የንስሐ አባታችን መምሬ ተገኘና ጎረቤታችን አያ ጎበዜ ደጃፋችን ቆመው፣ እሺ ካላልህ አንቀመጥም ብለው ነው ያስፈቀዱልኝ። ስለዚህ አሁንም ለመምሬ ደወልሁ። የትምህርቱን ስም፣ የከተማውን ርቀት፣ የመጨረሻውን ቀን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኋቸው። መቼ እንደሚሄዱ ብቻ አልነገርኋቸውም።

መምሬና አያ ጎበዜም አባቴን ለእርሻ ሳይወጣ እናግኘው ብለው፣ ጎህ ሲቀድ፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ አጥራችን ሥር ዝም ብለው ቆሙ። ልጁ ባሕር ማዶ ያለችበት ሰው ደጅ በዚያ ሰዓት ሽማግሌ ከቆመ መርዶ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል። እናቴ ገና ከበሩ ስታያቸው ጮኸች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፤ መንደሩም ግልብጥ ብሎ መጣ። መምሬ «ደኅና ናት» ቢሉ ማን ይስማቸው። በመጨረሻ አያ ጎበዜ ካቡ ላይ ወጥቶ፣ «ትምህርት ልትቀይር ነው እንጂ አልሞተችም!» ብሎ ጮኸ አሉ።

እኔን የቀሰቀሰኝ የመምሬ ስልክ ነው። አባቴ ነበር።

«ብርቄ፣ አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ አባዬ።»

ከኋላው ሴቶች ያለቅሳሉ፣ አንዳንዷም ትስቃለች።

«እስቲ ተናገሪ፤ ድምፅሽን ልስማው።»

«ምን ልበል?»

«ያሻሽን።»

ስለ መጽሐፉ፣ ስለ ማሳው ጫፍ፣ ስለ ፈገግታውም ሳይቀር ነገርሁት። በዕድሜዬ ለአባቴ ያን ያህል አውርቼ አላውቅም።

«እና አፈር ነው የምትማሪው» አለ።

«ዞረሽ እንዳታይው ብለኸኝ ነበር።»

«እንዳትደክሚብኝ ብዬ ነው ያልሁት» አለ። «ተማሪው። ግን ሁለተኛ ሽማግሌ እንዳትልኪ፤ ራስሽ ደውይ።»

በዚያው ቀን ሲጋራ ቤት ሄጄ ቴምብሬን ገዛሁ። የሴግሬቴሪያው ሰውዬ ማመልከቻዬን ሳያነብ ተቀበለኝ። ስወጣ ደረጃው ላይ ብቻዬን ፈገግ ማለቴ ታወቀኝ፤ ማንም አላስደገመኝ።

አባቴ ግን ስልኩን ሳይዘጋ አንድ ነገር ጠይቆኝ ነበር። «የማሳው ጫፍ ዘንድሮም ተናደ። ምን ባደርገው ይሻላል?» በሕይወቴ ምክር ሲጠይቀኝ የመጀመሪያው ነው።

«ገና አልተማርሁም አባዬ።»

«እጠብቃለሁ» አለኝ። እሱስ ይጠብቃል፤ ክረምቱ ነው የማይጠብቅ።