መስመሩ ላይ የተቀመጠ ሶፋ

ባሕር ዳር ዓለም አቀፍ የቴኒስ ውድድር ስታዘጋጅ፣ ከመሥሪያ ቤታችን ነጭ ጫማ ያለኝ እኔ ብቻ ስለሆንሁ የመስመር ዳኛ ተደረግሁ። ጣና ዳር ያለው የሲሚንቶ ሜዳ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። አዘጋጆቹ ግን የክብር እንግዳውን ፀሐይ እንዳይነካቸው ብለው ሶፋውን የዋርካው ጥላ ያረፈበት ቦታ ላይ አኖሩት። ጥላው ያረፈው እኔ የምዳኘው መስመር ላይ ነው። እንግዳው፣ እግዜር ይስጣቸው፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ዘግይተው መጡና ስለ ስፖርት ጥቅም ረጅም ንግግር አድርገው ተቀመጡ። ይነሡልን ብሎ የሚደፍር ጠፋ። ከውጭ የመጣው ተጫዋች ራኬቱን እንደያዘ፣ መስመሩ የት እንዳለ ጠየቀኝ። በእጄ ወደ እንግዳው እግር ሥር አሳየሁት። እሳቸውም ያስተዋወቅኋቸው መስሏቸው ብድግ ብለው ጨበጡት፤ “በርታ” አሉትና እዚያው መስመሩ ላይ ተመልሰው ቁጭ አሉ።